እጅሽን አላምነውም

ጋሽ አንጁሎ አረፉ ብሎ ወንድሙ ሲደውልልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን አየ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። ወንድሙ ግን ያን ክፉ ሰሞን አብሮኝ የሠራ ነርስ ነውና አልተቀየመም። ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ሲያለቅስ ሰማሁት። «እኔም ለነገረኝ ሰው ያልኩት ይህንኑ ነው። ልጃቸው ናት ዓይናቸውን የከደነችው፤ አይታለች» አለኝ።

እንዲህ ያበላሹን እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት እኔ ሰናይት የነገሩኝን ሁሉ የማምን ሴት ነበርኩ። ሲቀላ ገበያ ላይ «ዛሬ ከሐይቅ የወጣ ነው» ካሉኝ ዓሣውን ሳላገላብጥ ይዤ እሄድ ነበር። አሁን ጉንጩን ከፍቼ ካላየሁ አልገዛም። ልጄ ናርዶስ እጄን ታጥቤያለሁ ስትለኝ መዳፏን አሸታለሁ። እሷም ለምዳው ሳልጠይቃት እጇን አፍንጫዬ ሥር ትዘረጋለች።

ጋሽ አንጁሎ የሆስፒታላችን ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ረጅምና ቀጭን፣ አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ አድርገው የሚራመዱ፣ ክረምት ከበጋ አንድ የወየበ አረንጓዴ ኮፍያ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ከመቀጠራቸው በፊት ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለምን እንደተዉት ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሰላም ስትላቸው «ሳሮ» ብለው በጋምኛ ይመልሳሉ፤ ዓይናቸው ግን ከፊትህ ላይ ሳይሆን ከእጅህ ላይ ነው። እኔ ሌባ የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። ኮሪደሩን ሲወለውሉ ካገኘኋቸው ቦርሳዬን ወደ ሌላኛው ትከሻዬ አዛውር ነበር ብል አልዋሸሁም።

ያ ደም የሚያስተፋ ትኩሳት ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ በተባለ ሰሞን ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ሙዝ በነበረበት ሜዳ ላይ፣ ነጫጭ ድንኳኖች ተተከሉ። የመከላከያ ልብስ አለባበስና አወላለቅ ሊያሳየን ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት አሠልጣኝ መጣ። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑንም ያውቃል። ጓንቱን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረና «ይህ ቀለም በሽታው ነው እንበል» ብሎ ልብሱን አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመረ። ሲጨርስ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ «አያችሁ? አንዲት ጠብታ አልነካችኝም» አለን። አጨበጨብን።

«ጆሮህን ነካህ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዞር ስንል ጋሽ አንጁሎ መወልወያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አልነካሁም አባቴ» አለ አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ።

«ነካህ። ግራውን።»

«እኔ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ መሰለዎት! ቢሆን አውቀው ነበር።»

«አንተን አምናለሁ፤ እጅህን ግን አላምነውም» አሉት።

አንዷ ልጅ ተነሥታ በስልኳ ፎቶ አነሣችና አሳየችው። ከግራ ጆሮው ጀርባ ምስር የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አሠልጣኙ ፊቱ ቀልቶ ቆየና፣ ሰው ነው መቼስ፣ «እኚህ ሰውዬ ምንድነው ሥራቸው?» ሲል ጠየቀ። በማግሥቱ የድንኳኖቹ ሕክምና ማዕከል ኃላፊ ዶክተር ካሳሁን ጋሽ አንጁሎን ከመወልወያቸው አላቀቃቸውና ማውለቂያው ድንኳን ውስጥ አቆማቸው። ሥራቸው መጠራጠር ሆነ።

ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ብዙ ሰው አደጋው ያለው ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይመስለዋል። እዚያ እንኳ ፈርተህ ስለምትገባ ትጠነቀቃለህ። የሚበላህ መውጫው ነው። በአርባ ምንጭ ሙቀት ያንን ከአናት እስከ እግር የሚሸፍን ላስቲክ የመሰለ ልብስ ለብሰህ ስትቆይ ላብህ ቦት ጫማህ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ መነጽርህን ጭጋግ ይሸፍነዋል፣ ጉሮሮህ ይደርቃል። ያን ጊዜ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ አውልቀህ አየር መሳብ። ሰው የሚያዘው በዚያች ችኮላ ነው።

ጋሽ አንጁሎ መሬት ላይ ከተሰመረ ቀይ መስመር ባሻገር ቆመው ያዛሉ። የላይኛውን ጓንት አውልቂ። እጅ ታጠቢ። ሽርጡን። እጅ ታጠቢ። ዚፑን ክፈቺ፣ ልብሱን ወደ ውጭ እየገለበጥሽ ጠቅልዪው፣ ውጪውን እንዳትነኪ። እጅ ታጠቢ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ መነጽሩን ከኋላ ያዢው። እጅ ታጠቢ። ማስኩን። እጅ ታጠቢ። የውስጡ ጓንት የመጨረሻው ነው። በየመሀሉ በክሎሪን ውኃ። «ታጥቤያለሁ እኮ ጋሽ አንጁሎ» ካልካቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «አላየሁም፣ ድገም»። ሲጣደፉ ሴቱንም ወንዱንም ያደባልቁታል፤ እኔን «ቁም!» ብለው ዶክተር ካሳሁንን «ታጠቢ!» ያሉት ቀን በሳቅ ልንሞት ነበር።

ዶክተር ካሳሁን በበኩሉ ማውለቂያው በር ላይ ሁለት ትእዛዝ ጽፎ ለጠፈ። አንደኛው ያልታየ ሁሉ እንደተነካ ይቆጠራል፣ ሰውየውም ሃያ አንድ ቀን ተለይቶ ይቀመጣል ይላል። ሁለተኛው ነክቶ የካደ ሰው ከሥራ ይሰናበታል የሚል ነው። ነክቻለሁ ብሎ የተናገረ ግን ተለይቶ ይቀመጣል እንጂ አይቀጣም።

ጋሽ አንጁሎን የምንጠላበት ምክንያት ከእነዚህ ትእዛዞች ይልቅ አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረች። ከደረት ኪሳቸው ያወጧታል፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው ቀስ ብለው አንድ ነገር ይጭራሉ፣ ይመልሷታል። በሥራ ሰዓት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣ ቤት ተቀምጠን ስንበላ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ብቻቸውን ሆነው ያዩናል። ይጽፋሉ። ስንስቅ ያያሉ፣ ስንከራከር ያያሉ፣ ይጽፋሉ። «ጆሮ ጠቢ ናቸው፤ የበላይ አካል ነው ያስቀመጣቸው» አለኝ ወንድሙ። እኔም አመንኩት። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ባሉበት ስለ አስተዳደሩ ክፉ ተናግሬ አላውቅም፤ ዶክተር ካሳሁንንም ያለ ወትሮዬ ማመስገን ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ናርዶስን አቅፌ ሲቀላ ገበያ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ናርዶስ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ አባቷ ለሥራ ሞያሌ ስለነበረ እኔንና እናቴን ብቻ ነው የምታውቀው። እንቅልፍ ሲመጣባት የአንገቴን ማተብ በአፏ ይዛ እየጠባች ነው የምትተኛው። ያንለትም ጥቁሩ ክር ከነመስቀሉ አፏ ውስጥ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ሰላም አሉኝና ልጅቷ ላይ አፈጠጡ። ከዚያ ዓይኔ እያየ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ደሜ ፈላ። የእኔ አልበቃ ብሎ የልጄንም ስም መዝገብ አስገቡ ብዬ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

ማተብ ደግሞ ቀድሞውንም አጣልቶናል። ወደ ልብስ መልበሻው ስንገባ «ቀለበት? ሰዓት? የጆሮ? የአንገት?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀለበትና ሰዓቱን አወለቅን። ማተባችንን ግን እኛ ኦርቶዶክሶቹ አንፈታም አልን። ጋሽ አንጁሎ ፕሮቴስታንት ናቸው። በዚህ ተነሥቶ የተወራውን ወሬ ዛሬ ልደግመው አፍራለሁ። ዶክተር ካሳሁን ማተቡ ከውስጥ ልብስ ሥር በፕላስተር ይለጠፍ ብሎ አስታረቀን። ጋሽ አንጁሎ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተናገሩም። ጻፉ።

ነገሩ የሆነ ዕለት ከቆላ በኩል አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች። ትኩሳቱ እንዳለባት ተረጋግጧል፤ ምጧም ገፍቷል። እንዲህ ያለ ወሊድ ሁሉም የሚሸሸው ሥራ ነው፤ ደሙ ብዙ ነው፣ ሁሉም ነገር ይረጫል። ዶክተር ካሳሁንና እኔ ልንገባ ለበስን። ጋሽ አንጁሎ የእኔን ልብስ ወደ ፀሐይ ዘርግተው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ መረብ ሲጠግኑ የኖሩ ጣቶች ናቸው። «ብብቱ ጋ ቀዳዳ አለው» ብለው ጣሉት። እኔ የሚታየኝ ቀዳዳ አልነበረም። ሌላ አስለበሱኝ። ጀርባዬ ላይ ስሜንና የገባሁበትን ሰዓት በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ።

ውስጥ የነበረውን ሁሉ አልዘረዝርም። መነጽሬ ስለደፈነ ግማሹን ሥራ በዳበሳ ነው የሠራሁት። ሴትየዋ እጄን ይዛ ስትጮኽ ጣቶቿ በሁለት ጓንት ውስጥ አልፈው አጥንቴ ድረስ ይሰሙኝ ነበር። በመጨረሻ ሕፃኑ መጣ። ዝም አለ። ጀርባውን አሸሁት፣ አሁንም ዝም አለ። ከዚያ አንዴ አነጠሰና አለቀሰ። ዶክተር ካሳሁን በማስኩ ውስጥ «ተመስገን!» ሲል ሰማሁት። ተረኛ ነርሶች ሲገቡ ቀድሞኝ ወጣ፤ እኔ ተከተልኩ።

ማውለቂያው ውስጥ ጋሽ አንጁሎ ያዛሉ፣ እኔ እታዘዛለሁ። ሽርጡ ወለቀ፣ ልብሱ ወለቀ፣ መነጽሩ ወለቀ። የውስጥ ልብሴ በላብ ርሶ ፕላስተሩ ተላቋል፤ ማተቤ ወጥቶ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ማስኩን አወለቅኩ። አየር ሳብኩ። ያን ጊዜ ሕፃኑ ከወዲያኛው ድንኳን እንደገና አለቀሰ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። እጄ ብድግ አለ።

«ቁሚ!»

ልብ ስል የውስጡ ጓንት ገና እጄ ላይ ነው፤ አልታጠብኩም፤ እጄም አንገቴ ጋ ነው።

«ነካሽ?» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ።

«አልነካሁም» አልኩ።

ወደ አንገቴ አዩ።

«ማርያምን አልነካሁም!»

ዶክተር ካሳሁን ጩኸቱን ሰምቶ በመስመሩ ማዶ መጣ። «ምንድነው? ነክታለች?» አላቸው።

ጋሽ አንጁሎ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «አላየሁም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ዞርኩ» አሉ።

ዶክተሩ በሩ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት አየ። ያልታየ እንደተነካ ነው። ሃያ አንድ ቀን። እኔ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። «እሳቸው ስለዞሩ እኔ ልታሠር ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ልጄስ? እኔን ካላየች እህል የማትቀምስ ልጅ ናት ያለችኝ!» ወደ ጋሽ አንጁሎ ዞሬም አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። «አወቅኩብዎት! ማተቤን ስለጠሉ ነው። ሆን ብለው ነው የዞሩት!»

አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅሽ ምን ይዛ ነው የምትተኛው?» አሉኝ።

መቀስ በዘንግ አቀበሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአንገቴ ያልተለየውን ማተብ በራሴ እጅ ቆርጬ ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ጣልኩት።

የተለየሁበት ድንኳን ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ በገመድ ታጥሮ፣ አንድ የሽፈራው ዛፍ አጠገብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ አንጁሎ መጡ። ባልዲ ገልብጠው ከአጥሩ ማዶ ተቀመጡ። እኔ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ለመሰለልም፣ ለመሳቅም፣ እንዳላመልጥ ለመጠበቅም የመጡ መሰለኝ።

«ልጅሽን አየሁ» አሉ።

ሳላስበው ዞርኩ።

«ቤትሽ ሄጄ ነበር፤ ከበር። እናትሽ በልታለች አለችኝ። አላመንኩም። ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ስትበላ አየሁ። የበቆሎ ኩርኩፋ በላች። ከዚያ የአያቷን ማተብ ይዛ ተኛች።» ተነሡና ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ።

በየቀኑ መጡ። የሚያወሩኝ ያዩትን ብቻ ነው። ናርዶስ ዛሬ ሮጣለች፣ ወድቃ ጉልበቷን ተልጣለች፣ ብዙ አላለቀሰችም። ያቺ የወለደች እናት ራሷ ውኃ አንሥታ ጠጣች። ሕፃኑ በአራተኛው ቀን ሲሞት ግን መጀመሪያ ያረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ያንለት ቶሎ አልተነሡም። እናቴ በስልክ «ያ ሽማግሌ ምን ፈልጎ ነው በየቀኑ ልጅቷ ላይ የሚያፈጠው?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም አላወቅኩም። ጥርስ ነክሼባቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አይነሣም።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። እኚህ ሰው ከቆሙበት ቀን ጀምሮ ዓይናቸውን ከሰው እጅ ላይ አንሥተው አያውቁም። አንዴ ከበስተጀርባቸው ጄኔሬተር ሲፈነዳ እንኳ ሁላችንም ስንበረግግ እሳቸው ከወንድሙ ጣቶች ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ታዲያ ያንለት በሕፃን ለቅሶ እንዴት ዞሩ? ሆን ብለው ነው የሚለው ሐሳቤ እየጠነከረ ሄደ።

«ለምንድነው ግን ማንንም የማያምኑት?» አልኳቸው አንድ ቀን በንዴት።

ባልዲው ላይ ተመቻቹ። «ታላቅ ወንድሜ ነበር» አሉ። «ጫሞ ላይ መረብ ስንስብ አዞ አለ ወይ አልኩት። ውኃውን አየና ምንም የለም አለኝ። ገባ።» በጣታቸው የባልዲውን ጠርዝ ዳሰሱ። «ወንድሜ ውሸታም አልነበረም ሲስተር። በእርግጥም ምንም አላየም። እኔ ግን ውኃውን አላየሁም፤ እሱን ነው ያየሁት፣ አፉን። ከዚያ ወዲህ ሰው ምንም የለም ሲለኝ ውኃውን አያለሁ።»

ሲሄዱ መለስ ብለው «ማተብሽ እሳት ሲገባ እኔ እዚያ ነበርኩ። ኮፍያዬን አውልቄአለሁ። የእናንተን ጸሎት ግን አላውቅም» አሉኝ።

ያን ዕለት ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር፤ ወደ ድንኳኔ ገባሁ።

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ስነቃ ራሴን አመመኝ። ወባ ነው አልኩ፤ አርባ ምንጭ ላይ ራሱን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወገቤ፣ ከዚያ ዓይኔ። የሙቀት መለኪያውን አየሁና አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለራሴም ቢሆን አልነካሁም እያልኩ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለደጋገምኩት አምኜው ነበር ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ከንፈሬ አስታወሰኝ። የመስቀሉ ጫፍ ጨው ጨው ይል ነበር። ነክቼአለሁ። ስሜዋለሁ። በማርያም ስም ዋሽቼ ወደ ልጄ ልሄድ ነበር፤ ያንለት ቢለቁኝ ኖሮ ማታውን ናርዶስ ያንን ክር አፏ ውስጥ ከትታ ትተኛ ነበር። ምርመራው ሲመጣ ውጤቱ አላስደነገጠኝም፤ ቀድሜ አውቄዋለሁ።

ከሕመሙ ብዙውን አላስታውስም። የማስታውሰው አንድ ነገር፣ ግልጽ በሆነው የድንኳኑ ፕላስቲክ ማዶ የሚቆም የወየበ አረንጓዴ ኮፍያ ነው። ማንም ሰው ሊያየኝ በሚፈራበት ሰዓት እሳቸው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ስጨርስ ደብተራቸውን አውጥተው ሲጽፉ አየሁና፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ፣ ሳቅሁ።

ስድን ከበሽታው ነጻ ነች የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ። በሩ ላይ የሥራ ጓደኞቼ ቆመዋል፤ ያጨበጭባሉ፣ ግን ከሩቅ ነው። አልፈርድባቸውም። ጋሽ አንጁሎ ወደ እኔ መጡና ወረቀቱን ጠየቁኝ። አነበቡት። ወደ ፀሐይ አንሥተው ማህተሙን አዩ። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ አጣጥፈው መለሱልኝና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። የማንንም እጅ የማያምኑት ሰው ሁሉ እያየ እጄን ይዘው ቆዩ። ጭብጨባው ያን ጊዜ ቆመ፤ ወንድሙም መጥቶ አቀፈኝ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ አብረን ሠራን፤ ከወጡም በኋላ ሲቀላ ስንገናኝ ዓሣ እንበላለን። አዲስ ማተብ አሥሬአለሁ፤ እጄ ወደ እሱ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ይቆማል፤ ስስመው ታጥቤ ነው። ባገኘኋቸው ቁጥር «ነክቼ ነበር» ልላቸው አፌ ላይ ይመጣል። አሠልጣኞች ሲመጡ የሚያስጠሩት እኔን ነው፤ ለስንት ወጣት ነርስ ነክታችሁ ከሆነ ተናገሩ ብዬአለሁ። ለእሳቸው ግን አልተናገርኩም። ፈራሁ። እንደዋሸኋቸው ካወቁ ያንን እጅ የሚነፍጉኝ መሰለኝ።

ለቅሶው ጫሞ ዳር ካለው ቤታቸው ነበር። ሸራ ተወጥሯል፤ ዘማሪዎች በጋምኛ ይዘምራሉ። ከወንድሙ ጋር ተቀምጠን ሳለ ልጃቸው ዘነበች መጣች፤ ቁመቷም አስተያየቷም የአባቷ ነው።

«ሲስተር ሰናይት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

መታወቂያዬን የምትጠይቀኝ መሰለኝ። ወደ ቤቱ ጓሮ ወስዳኝ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ደብተር ሰጠችኝ። «አባዬ ለሷ ስጪ ብሏል» አለች።

ፊደሎቹ ትላልቅና የተንጋደዱ ናቸው። በየገጹ የአንዳንዳችን ስም አለ። «ዶክተር ካሳሁን። ሲያስብ አፍንጫውን።» «ወንድሙ። ሲስቅ ዓይኑን ያብሳል።» ምሳ ቤት ሲያፈጡብን፣ መንገድ ላይ ሲያዩን የነበረው ለዚህ ነው። የበላይ አካል የሚባለው ሁሉ ባዶ ወሬ ነበር፤ እጃችን ልብስ ሳይለብስ የሚያደርገውን እያጠኑ፣ ልብሱ ሲወልቅ የት እንደሚሄድ ቀድመው እያወቁ ነበር። የእኔን አገኘሁት። «ሰናይት። ስትደሰት የአንገት ክር፣ ከንፈር። ልጇም ትጠባዋለች።»

ከሥሩ በሌላ ቀለም ተጽፏል።

«ሰናይት ነካች። ከንፈሯ ደረሰ። አየሁ። አልነካሁም ብላ ማለች። ነካች ካልኩ ዋሽታለች ተብላ ከሥራ ትወጣለች። ወይም እሷን ያምናሉ፣ ወደ ልጇ ትሄዳለች። ስለዚህ አላየሁም አልኩ። ውሸት ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

ዓለሙን ሁሉ ሲጠራጠሩ የኖሩት ሰው እኔን አልተጠራጠሩኝም ነበር። አይተውኛል። አይተውኝ ባልዲያቸውን ይዘው መጥተዋል፣ አይተውኝ እጄን ጨብጠዋል። ዓሣ ቤት አብረን በተቀመጥን ቁጥር እኔ የምደብቀውን እሳቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። እንባዬ መጣ፤ እጄም እንደ ልማዱ ብድግ አለ።

ቀና ስል ዘነበች ፊቴን አይደለም የምታየው።

«ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«ይህን ስታነብ እጇን እዪ ብሎኝ ነበር» አለች።

እጄ ደረቴ ጋ ደርሶ ቆሟል። እሷም እኔም አየነው።

«ያን ጊዜ ነክቼ ነበር» አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። «አሁን ግን አልነካሁም።»

«አዎ፣ አልነካሽም» አለችኝ ዘነበች። «አየሁ።»